ቆሻሻ አምጡ፣ ጎመን ውሰዱ

ስሙኝማ። ዛሬ ይዣችሁ የምሄደው ሩቅ አገር ነው። ብራዚል ውስጥ፣ ወደ ደቡቡ በኩል፣ ኩሪቲባ የምትባል ከተማ አለች። የፓራና ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ክረምቷ ይበርዳል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ፤ ታሪኩ የእነሱ ነውና።

1972 ነው። ግንቦት ወር፣ ዓርብ ማታ። በከተማዋ መሐል «ኖቬምበር 15» የሚባል አውራ ጎዳና አለ፤ ብራዚል ዘውዱን አውርዳ ሪፐብሊክ የሆነችበት ቀን መታሰቢያ ነው። ግራና ቀኙ ሱቅ፣ መሐሉ መኪና። ሱቆቹ ተዘጉ፤ ፍርድ ቤቱም ተዘጋ። ልክ ያን ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ዶማና አካፋቸውን ይዘው መጡና መንገዱን ይቆፍሩት ጀመር። ፍርድ ቤቱ የተዘጋበት ሰዓት የተመረጠው በምክንያት ነው፤ ባለሱቆቹ ነገሩን ሰምተው እግድ እንዳያወጡ ነው። ሥራው በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ተወስኗል። ሌሊቱን ሁሉ ድንጋይ ሲነጠፍ፣ አበባ ሲተከል፣ አግዳሚ ወንበር ሲቆም አደረ። ቅዳሜም እሑድም እንዲሁ። ሰኞ ጠዋት ባለሱቆቹ በራቸውን ሲከፍቱ መኪና የለም፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ይህን ያዘዘው ከንቲባ ዣይሜ ሌርነር ይባላል። ከፖላንድ ተሰደው የመጡ አይሁዳውያን ወላጆቹ እዚያችው ከተማ የወለዱት አርክቴክት ነው። ሲሾም 33 ዓመቱ ነበር። ሲሾም አልኳችሁ እንጂ ሲመረጥ አላልኳችሁም። ያን ጊዜ ብራዚልን የሚገዛው ወታደሩ ነው፤ የክፍለ ግዛት ዋና ከተሞች ከንቲባ ደግሞ ከላይ ነው የሚመጣው።

ባለሱቆቹ ተቆጡ። ደንበኛ በመኪና ካልመጣ አይመጣም ብለው ነበር የሚያምኑት። ግን ጥቂት ቀን አለፈና ገበያው ደራ። ሌርነር ኋላ ደጋግሞ ያወራው እንደነበረው፣ የተቃውሞ ፊርማ ካስገቡት ነጋዴዎች አንዱ ተመልሶ መጣና ሥራው ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ እስከ ጫፍ ድረስ እንዲቀጥል ለመነው። የመኪና ባለቤቶቹ ግን አልተዋጠላቸውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተሰብስበን መኪናችንን በመንገዱ ላይ እንነዳለን አሉ። ከንቲባው ፖሊስ አልጠራም። ሠራተኞቹ ረጅም ረጅም ወረቀት በመንገዱ ላይ ዘረጉ፤ ቀለምና ብሩሽ ቀረበ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሕፃናት መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሥዕል መሣል ጀመሩ። ባለመኪኖቹ መጡ፣ አዩ፣ ተመለሱ። በልጅ ላይ ማን ይነዳል? ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቅዳሜ ጠዋት ልጆች እዚያ መንገድ ላይ ሲሥሉ ይታዩ ነበር።

ታሪኩ ደስ ይላል። እኔም በሰማሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ በዚያ ዓርብ ማታ ነዋሪው አልተጠየቀም። ውሳኔው ጥሩ ሆነ፤ ውሳኔው ግን የእሱ አልነበረም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ገጠሩ እንውጣ። የፓራና ሰሜኑ ክፍል የቡና አገር ነበር። በ1975 ሐምሌ ላይ ብራዚሎች እስከ ዛሬ «ጥቁሩ ውርጭ» የሚሉት ብርድ በአንድ ሌሊት ወረደና የቡናውን ዛፍ አጠቆረው። የቡና አገር ሰዎች ስለሆናችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የዓለም የቡና ዋጋ ሰማይ ነካ። በዚያ የቡና ማሳ ላይ የሚለቅመው የቀን ሠራተኛ ግን ከዋጋው ምንም አላገኘም፤ የሚለቀም ቡና ራሱ አልነበረም። ባለመሬቶቹ ብዙዎቹ ቡናውን ትተው አኩሪ አተር በትራክተር ማረስ ጀመሩ። ትራክተር የሰው እጅ አይፈልግም። ሰዉ እቃውን ጠቅልሎ ወደ ከተማ ጎረፈ። በ1970 ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው የነበራት ኩሪቲባ ዛሬ ወደ 1.8 ሚሊዮን ትጠጋለች።

የመጣው ሰው የት አረፈ? ማንም ያልፈለገው ቦታ ላይ፤ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ ጎርፍ በሚወስደው መሬት ላይ። ጣውላና ቆርቆሮ ገጣጥሞ ቤት ሠራ። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻ መኪና እዚያ አይገባም፤ ቢፈልግም አይችልም። እናም ቆሻሻው ከደጅ ይከመራል፣ ዝናብ ሲመጣ ወንዝ ይገባል፣ አይጥ ይፈላል፣ ልጅ ይታመማል። ይህን ሥዕል ለማየት ብራዚል ድረስ መሄድ የማያስፈልገው ሰው ብዙ ነው።

1989 ላይ ሌርነር ለሦስተኛ ጊዜ ከንቲባ ሆነ። ወታደሩ ሄዷል፤ አሁን የገባው በሕዝብ ድምፅ ተመርጦ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሒሳብ ሠራ። መኪና ወደ ሸለቆው የሚገባበት መንገድ ለመክፈት ቤት ማፍረስ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡም የለም። ታዲያ አንድ ሥራ ተቋራጭ ያንን ቆሻሻ ቢሰበስብልን የምንከፍለውን ዋጋ ለምን ለነዋሪው ራሱ አንሰጠውም? ነዋሪው ቆሻሻውን በማዳበሪያና በላስቲክ አድርጎ መኪና እስከሚደርስበት ጥርጊያ ድረስ ያምጣ፤ እኛ የአውቶቡስ ቲኬት እንስጠው።

ሰዉም አመጣ። የአውቶቡስ ቲኬት ለድሃ ቤት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሥራ ፍለጋ መሐል ከተማ መሄጃ ነው፣ ልጅ ሐኪም ቤት ማድረሻ ነው። ሸለቆው እየጸዳ መጣ።

ሁለት ዓመት ሳይቆይ ሌላ ችግር ከሌላ በር መጣ። በከተማዋ ዙሪያ ያሉ ትንንሽ አራሾች አትክልታቸው ሲበዛ ዋጋው ይወድቅባቸዋል። ጭነው ቢያመጡት የማጓጓዣውን አይመልስም፤ ስለዚህ ጥቅል ጎመኑም ካሮቱም ማሳ ላይ ይበሰብሳል። በከተማው ሸለቆ ደግሞ አትክልት ገዝቶ የማይበላ ሕዝብ አለ። በ1991 ማዘጋጃ ቤቱ ትርፍ አትክልቱን ከአራሾቹ እየገዛ፣ ተለይቶ ለመጣለት ቆሻሻ በምትኩ መስጠት ጀመረ። ስሙንም አረንጓዴው ልዋጭ አሉት።

እዚህ አገር አሮጌ ልብስ ተቀብላ ሳፋ የምትሰጠውን፣ «ልዋጭ!» እያለች በየሰፈሩ የምትዞረውን ሴት የማያውቅ የለም። አሠራሩ ያ ነው። ልዩነቱ የሚለዋውጠው መንግሥት መሆኑ ነው።

ዋጋው የታወቀ ነው። አራት ኪሎ ካርቶን፣ ወረቀት፣ ፕላስቲክ፣ ብርጭቆ ወይም ቆርቆሮ ያመጣ አንድ ኪሎ አትክልትና ፍራፍሬ ይወስዳል። ያገለገለ የምግብ ዘይት ያመጣ ደግሞ በሁለት ሊትር አንድ ኪሎ ያገኛል። ዘይቱ የተጨመረው ሰው ማጠቢያ ውስጥ ሲደፋው ቱቦ ስለሚደፍንና ወንዝ ስለሚያበላሽ ነው። መኪናው በከተማዋ ውስጥ ባሉ ከመቶ በላይ ቦታዎች በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል። ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ሰዉ ጋሪውንና ማዳበሪያውን ይዞ ይሰለፋል። አንዱ ጋ ይመዘናል፣ ወዲያ ማዶ ይታደላል። አሥራ ሁለት ኪሎ ካርቶንና ጠርሙስ የሰበሰበች እናት ሦስት ኪሎ ሙዝ፣ ድንችና ጎመን ይዛ ትመለሳለች። በትምህርት ቤቶችም ለልጆች የተለየ ልዋጭ ይደረግ ነበር፤ በደብተር፣ ለፋሲካ በቸኮሌት፣ ለገና በአሻንጉሊት።

ይህን ሥራ ከብዙ የከተማ ፕሮግራም የምለይበትን ልንገራችሁ። ሰልፉ ላይ የቆመችው ሴት ስለ ምድር መሞቅ የተሰጠ ስልጠና አልወሰደችም። ዛሬ የሠራችው ዛሬ ማታ ድስት ውስጥ ይገባል። አራሹም ሰብሉ አልበሰበሰበትም፤ ከተማውም ወንዙን አላጣም። አንድ ሰው ለአካባቢው እንዲሠራ ሲጠየቅ «ለመጪው ትውልድ ብለህ» ብቻ መባሉ፣ በተለይ ለራት የሚያስበውን ሰው፣ ፍትሐዊ አይመስለኝም። መጪው ትውልድ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ራቡን እየነገረው ነው።

ይህ በድሃው ሰፈር ነው። በሌላው የከተማዋ ክፍልስ? እዚያ የተጀመረው ከትምህርት ቤት ነው። በ1989 «ቆሻሻ ያልሆነ ቆሻሻ» የሚል ዘመቻ ተነሣ። የሚጠየቀው ቀላል ነገር ነበር፤ የሚበሰብሰውንና የማይበሰብሰውን ቤት ውስጥ ለይ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጥ፣ በቃ። አሥር ዓይነት ገንዳ አላመጡም። ቅጠል የሚመስሉ ሰዎች፣ አባት ቅጠል፣ እናት ቅጠል፣ ልጅ ቅጠል ሆነው በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ልጆቹን አስተማሩ። ልጅ ቤት ገብቶ አባቱን «ይሄ እዚህ አይጣልም» ሲለው አባት ምን ይላል? የማይበሰብሰውን የሚሰበስበው አረንጓዴ መኪና ደወሉን እያቃጨለ ሲመጣ የደረቁን ማዳበሪያ ይዞ የሚሮጠው ልጁ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ከተማዋን ለዚህ ሸለማት።

ስለ አውቶቡሶቿ ብዙ ስለተወራ እኔ ረዘም አላደርገውም፤ በ1974 ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር አስጀመረች፣ በ1992 ደግሞ 270 ሰው የሚጭን ባለ ሁለት መታጠፊያ አውቶቡስ አሰማራች፣ ከዚያ ቦጎታም ሌሎችም ተማሩ። ወንዝ ዳሩን በሲሚንቶ ከማጠር ይልቅ መናፈሻ አድርጋ ጎርፉ እዚያ እንዲያርፍ አደረገች፤ ሣሩንም በበግ ታስግጠው ነበር። ከዚህ ሁሉ እኔ የምወደው ዛፉን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ በየመንገዱ ችግኝ ተከለና ነዋሪውን እንዲህ አለው፤ ጥላው ከእኛ፣ ውሃው ከእናንተ። ችግኝ የሚደርቀው በተተከለበት ቀን ሳይሆን በሚቀጥለው በጋ መሆኑን እኛም እናውቃለን። በራፉ ላይ ያለውን አንድ ዛፍ አንድ ባልዲ ውሃ እንዲያጠጣ የተጠየቀ ሰው ዛፉን የራሱ አድርጎ ያየዋል።

ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን ልመልስ።

የኩሪቲባ ሰው እጁን ተጠይቋል። ቆሻሻህን ለይ፣ ዛፍህን አጠጣ፣ ጎመንህን ውሰድ። ሐሳቡን ግን ብዙም አልተጠየቀም። ዕቅዱን የሚያወጣው በ1965 የተቋቋመው የከተማ ፕላን ተቋም ነው፤ ባለሙያዎቹ ጎበዞች ነበሩ፣ ግን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያዩት። ከሁሉ በላይ የተረሳው ባለ ጋሪው ነው። በብራዚል ከተሞች ሁሉ ካርቶንና ቆርቆሮ ከየገንዳው እየለየ፣ በእጁ ጋሪ እየገፋ የሚሸጥ ሕዝብ አለ። የማዘጋጃ ቤቱ አረንጓዴ መኪና ሽልማት ሲቀበል፣ ከኩሪቲባ ተመልሶ ለጥቅም የሚውለውን ዕቃ አብዛኛውን የሚሰበስበው ይህ ባለ ጋሪ ነበር። ከ2007 ጀምሮ ከተማዋ መጋዘንና ሚዛን እየሰጠች በማኅበር እንዲደራጁ መርዳት ጀመረች። በ2010 የወጣው የአገሪቱ የቆሻሻ ሕግም ሥራቸውን በስሙ ጠርቶ አወቀላቸው። ዘገየ፤ ግን መጣ።

ይህንን ሰው አዲስ አበባም ታውቀዋለች። «ቆራሌው!» እያለ ጠዋት በየበሩ የሚያልፈው እሱ ነው። በየቤቱ እየዞሩ ቆሻሻ የሚያነሱት የጽዳት ማኅበራት ልጆችም አሉ፤ ለሥራቸው የሚከፈለው ከውሃ ክፍያችን ጋር ተደምሮ ነው። በ2009 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ መጋቢት 2 ምሽት፣ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ እዚያው ተራራ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ፣ ከእኛ ቤት የወጣውን እየለዩ የሚያድሩ ነበሩ። ቤቴ ውስጥ የምግቡን ትርፍራፊ ከላስቲኩና ከጠርሙሱ ለይቼ ስሰጥ የማቃልለው የእነዚህን ሰዎች ሸክም ነው። ስለዚህ ይህን ነገር ስናገር ረጋ ብዬ መናገር አይሆንልኝም።

ነዋሪው ሐሳቡንም የተጠየቀባት ከተማ አለች፤ ከኩሪቲባ ወደ ደቡብ ስትወርዱ የምታገኟት ፖርቶ አሌግሬ። እዚያ በዚያው በ1989 ሌላ ነገር ተጀመረ። አዲሱ ከንቲባ ኦሊቪዮ ዱትራ የባንክ ሠራተኛና የሠራተኛ ማኅበር መሪ የነበረ ሰው ነው። እሱና ጓደኞቹ የከተማዋን በጀት ይዘው ወደ ሕዝቡ ወጡ። ይሄ ነው ያለን ገንዘብ፤ በምን ላይ ይዋል? አሉ።

መጀመሪያ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ስብሰባ ተጠርቶ ምንም ሳይሆን የሚቀርበትን ልማድ ሰዉ ያውቀዋል፤ ልብ አላለውም። ሥራው ሲታይ ግን ሰዉ እየበዛ ሄዶ በዓመት ከአሥር ሺህ በላይ ተሳታፊ ሆነ። ከተማዋ በ16 ቀጠና ተከፈለች። ስብሰባው ሲከፈት በመጀመሪያ የሚናገረው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ዓምና ቃል የገባነው ይህ ነበር፣ የሠራነው ይህ ነው፣ ያልሠራነው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ይህ ነው። ከዚያ ነዋሪው ይነሣል። የኛ ቀጠና ከሁሉ በፊት የፍሳሽ መስመር ነው የምትፈልገው፤ የኛ ውሃ ነው፤ የኛ ጥርጊያ ነው። ቅደም ተከተሉን በድምፅ ይወስናሉ፣ ተወካይ ይመርጣሉ። ገንዘቡ ሲከፋፈል የተቸገረና ሕዝብ የበዛበት ቀጠና ብዙ ነጥብ ያገኛል። በመጨረሻ የዓመቱ ሥራ ዝርዝር በመጽሐፍ ታትሞ ይሰጣል። በሚቀጥለው ዓመት አንዲት የሸለቆ እናት መጽሐፉን ይዛ ትመጣና ገጹን ገልጣ «ይሄኛውስ የታለ?» ብላ መጠየቅ ትችላለች።

የዓለም ባንክ እንደመዘገበው የውሃና የፍሳሽ መስመር ያለው ቤት በ1988 ከነበረው 75 በመቶ በ1997 ወደ 98 በመቶ ደረሰ። የከተማ ዘላቂነት የሚባለው ነገር ለእኔ ከዚህ ይጀምራል። ፍሳሹ ወንዝ እንዳይገባ ያስቀደመው ባለሙያው ብቻ አልነበረም፤ ወንዙ ዳር የሚኖረውም ቆሞ ተናግሯል።

አሠራሩ ግን ዘላለም አልቆየም። ያስጀመረው የዱትራ ፓርቲ ከ16 ዓመት በኋላ ሥልጣኑን አጣ፤ ተከታዮቹ ከስብሰባው ላይ ቀስ በቀስ ገንዘቡን እየቀነሱ መጡ፤ በ2017 ደግሞ አስተዳደሩ ስብሰባዎቹን አገደ። ነዋሪው የሚወስንበት ብር ሲያንስ የሚመጣውም ሰው ያንሳል፤ የሚመጣው ሲያንስ ደግሞ «ሕዝቡ አይፈልገውም» ማለት ይቀላል። ከንቲባ የሰጠውን ከንቲባ ይወስደዋል። ስለዚህ አንድ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ሲጀምር ነዋሪው በደንብና በሕግ እንዲጻፍለት አብሮ ቢጠይቅ ጥሩ ነው እላለሁ።

ሐሳቡ ግን ከብራዚል ወጥቶ ሄዷል፤ በውጭ አገር የምትኖሩት እናንተም ባላችሁበት ደርሷል። ኒው ዮርክ በ2011 በአራት የምክር ቤት ቀጠናዎች ጀመረች፤ ፓሪስ በ2014። ፓሪስ ላይ ከ7 ዓመት ጀምሮ ያለ ነዋሪ ሁሉ፣ ዜግነቱ የየትም ይሁን፣ የሰፈሩን ዛፍና የብስክሌት መንገድ በድምፁ መምረጥ ይችላል። ኒው ዮርክ ላይ 11 ዓመት የሞላው የቀጠናው ነዋሪ ሁሉ ድምፅ ይሰጣል፤ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። ሲያትል ያላችሁ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የምግብ ትርፍራፊ ከሌላው ቆሻሻ ጋር መጣል እንደተከለከለ ታውቃላችሁ፤ ብስባሽ ሆኖ ወደ አፈር ይመለሳል። ከተማዋ መመሪያዋን በአማርኛም ስለምታወጣ እናት አባታችሁ ራሳቸው አንብበው ሊለዩት ይችላሉ። ኒው ዮርክ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁሉም ቀጠና በየዓመቱ አይሳተፍም። የእናንተ ዘንድሮ መኖር አለመኖሩን የሚነግራችሁ የምክር ቤት ተወካያችሁ ቢሮ ነው፤ ድምፅ የሚሰጠውም ብዙውን ጊዜ በአሜሪካ ጸደይ ስለሆነ ከዚያ በፊት ደውሉ።